ባዶው መስመር

ሰሞኑን የውሃ ፓምፕ ልገዛ መርካቶ ወጥቼ ባዶ እጄን፣ ተናድጄ ተመለስኩ። አንዱን አንስቼ ሳገላብጥ ሻጩ «እሱን ተወው፣ ዕድሜው በአማካይ 7 ወር ነው፤ ውዱን ውሰድ» አለኝ። በምን እንዳወቀ ስጠይቀው ተበላሽተው ከተመለሱት አስልቶ ነው። «ያልተመለሱትስ?» አልኩት። «እነሱን ምን ላድርጋቸው?» አለ።

ከአማካይ ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ይሄ ግን ከዚያም የባሰ ነው፤ የቆሙትን ጥሎ የወደቁትን ብቻ መቁጠር ነው።

ያልተመለሱትን አሳምረው የሚያውቁ አንድ ሰው ነበሩ፤ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ። ስሙ በዓረብኛ ጋዜጠኝነት ማለት በሆነው በዚያ ሰፈር የሙከይፍ ፓምፕ የሚሸጡና የሚጠግኑ ሀበሻ ሽማግሌ። ሙከይፍ ማለት ውሃ በሳር ላይ እያንጠባጠበ ንፋሱን የሚያቀዘቅዝ ሳጥን ነው፤ ፓምፑ ከቆመ የሚነፍሰው እሳት ነው። ጠርዙ በዘይት የጠቆረ ደብተር ነበራቸው፤ በግራ የተሸጠበት ቀን፣ በቀኝ የተቃጠለበት። በቀኝ በኩል ብዙው መስመር ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ እነዚህን መጻፍ ረስተው ነው?»

«አልረሳሁም ልጄ፤ እየሠሩ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ በየደንበኛው መስኮት ሥር ቆም ብለው ያዳምጡ ነበር። ደንበኛው ተቀይሞ ሌላ ጋ ሄዶ ከሆነ ባዶው መስመር ይዋሻልና።

የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን መጨረሻው ያልታየ ዕድሜ ሴንሰርድ ይሉታል። አምስት ፓምፕ ተሸጠ እንበል። ሦስቱ በ4፣ በ7 እና በ10 ወር ተቃጠሉ፤ ሁለቱ 12 ወር ሞልቷቸው ገና ይሠራሉ። በመርካቶው ስሌት አማካዩ 7 ወር ነው። አምስቱም የሠሩበት ጊዜ ሲደመር ግን 45 ወር ይሆናል፤ የተቃጠሉት 3 ናቸው፤ ዕቃው በማርጀቱ የመቃጠል ዕድሉ አይጨምርም ካልን አማካዩ 15 ወር ይወጣል። ከእጥፍ በላይ! አቧራ የሚበላው ዕቃ በርግጥ ያረጃል፤ ለዚያ ስዊድናዊው መሐንዲስ ዋሎዲ ዌይቡል እ.ኤ.አ. በ1951 በሰፊው ያስተዋወቀው ቀመር ይሻላል።

ደግሞስ ዕድሜ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሙቀቱ 40 ዲግሪን በሚያልፍበት በግንቦት የሳሃፋ ሰው የሚጠይቀው «ለዝናቡ ይደርስልኛል ወይ?» ብሎ ነው። አንዱ ቤት ሌሊት ብቻ ያበራል፤ ሕፃን ያለበት ቤት ቀንም ሌሊትም አያጠፋም። በአንድ በኩል የፓምፑ ጥንካሬ፣ በሌላ በኩል የቤቱ ጫና አለ፤ የሚፈለገው ጥንካሬው ጫናውን የመብለጥ ዕድሉ ነው። ቢርንባውም የተባለ የስታቲስቲክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳየው መንገድ ለማንም ይገባል፦ እያንዳንዱን ጥንካሬ ከእያንዳንዱ ጫና ጋር አጋጥመህ ያሸነፈበትን መቁጠር።

ጣጣው ባዶው መስመር ላይ ነው። 1,000 ሰዓት ሠርቶ ገና ያልተቃጠለ ፓምፕ፣ 800 ሰዓት የሚፈልግ ቤት ሲገጥመው አሸንፏል፤ አያከራክርም። 1,300 የሚፈልግ ቤት ሲገጥመውስ? ገና አልታየም። ከሌሎቹ ዕድሜ ተነስቶ ዕድሉን መገመት ይቻላል፤ እንደተሸነፈ መመዝገብ ወይም ከቆጠራው መጣል ግን ግፍ ነው። የመርካቶው ሰውዬ ዓይኔ እያየ የሠራው ሁለተኛውን ግፍ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ደብተሩም እዚያው ላይ ቆመ። ሽማግሌው በመተማ ገቡ፤ ከንብረታቸው የተረፈው ደብተሩ ነው። ትናንት ደውዬ የመርካቶውን ነገር አጫወትኳቸው። ከዚያ ሳላስበው «ጋሼ፣ የእርስዎዎቹ ፓምፖችማ አለቀላቸው» ብዬ አረፍኩት።

ዝም አሉ። ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል።

«እንዲያ አትበል ልጄ» አሉኝ። «የምሥራቁ መንገድ ላይ ያለው፣ የመንታዎቹ ቤት፣ ስወጣ በሩ ተቆልፎ እሱ እየሠራ ነበር። ቆሜ ሰምቼዋለሁ። የሄድኩት እኔ ነኝ።»