መሪዎቹ ተቃቀፉ፤ ድብ ባሕር ምን አተረፈ?

ከደባርቅ ወጥቶ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ቁልቁል የወረደ ሰው ድብ ባሕር ይደርሳል። ከዚያ ዛሪማ፣ አዲ አርቃይ፣ ማይ ጸብሪ፣ ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ፣ አክሱም፣ ዓድዋ... ቀጥል ካሉት አስመራ! ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን አስፈልፍሎ ያሠራው ይኸው መንገድ ጎንደርን ከአስመራ ያገናኝ ነበር። ይህን የምለው ጂኦግራፊ ላስተምር ብዬ አይደለም፤ ስለ መሪዎች ጉባኤ ላወራ ነው።

ደባርቅ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ያጫወቱኝ አዛውንት ሾፌር አሉ። በንጉሡ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ረዳት ሳሉ፣ ከጎንደር እህል ጭነው አስመራ ይገቡ ነበር፤ ሲመለሱ ሜሎቲ ቢራ ይጭናሉ። «ጋሼ፣ በ2010 እርቁ ሲወርድ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «መኪናዬን ላሳድስ ነዋ ያልኩት!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸውን አቋረጡና «ልጄ፣ ለመሆኑ ያንን ድንበር ማን ነው የከፈተው? ማንስ ነው የዘጋው? የሚጠየቅ ሰው አለ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው።

አልዋሽም፣ እኔም ያኔ ጨፍሬአለሁ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ አስመራ ላይ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ሲፈርሙ፣ በዚያው ሳምንት ደግሞ አቶ ኢሳያስ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከዚያም ለ20 ዓመት የተለያየ ቤተሰብ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ተቃቅፎ ሲላቀስ አይቶ ያላነባ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ። በሳምንቱ ጅዳ ላይ በሳዑዲው ንጉሥ ፊት ሌላ ፊርማ። ታኅሣሥ 29 ቀን የሑመራና የኦምሓጀር መንገድ ተመረቀ። ታዲያ ዓመቱ እንኳ ሳይሞላ በሮቹ አንድ በአንድ ተመልሰው ተከረቸሙ። ለምን? ወጥቶ ያስረዳን የለም!

ነገሩ ሁለቱ መሪዎች ብቻ የያዙት አልነበረም። ነሐሴ 30 ቀን 2010 በጊዜው የሶማሊያ ፕሬዚዳንት የነበሩት መሐመድ አብዱላሂ ፎርማጆ አስመራ ላይ ታከሉበትና የሦስትዮሽ የትብብር መግለጫ ወጣ። ሥራውን የሚያስተባብር ከፍተኛ የጋራ ኮሚቴ መቋቋሙም ተነገረን። ጥቅምት 30 እና ኅዳር 1 ቀን 2011 ሦስቱ መሪዎች ጎንደርና ባሕር ዳር ድረስ መጡ። ጎንደር ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ጥር 18 ቀን 2012 እንደገና አስመራ ተገናኙ። ፎቶግራፉ ያምራል፤ ፈገግታው፣ መያያዙ፣ ሁሉም ያምራል። ግን ኮሚቴው ምን ሠራ? ብር በናቅፋ በምን ተመን ይመነዘራል? ቀረጡ ስንት ነው? ከጎንደር የተነሳ አይሱዙ ኤርትራ ውስጥ ቢገለበጥ ባለቤቱ የማን ፍርድ ቤት ይከሳል? አንድ ነጋዴ ከመነሳቱ በፊት የሚጠይቀው ይህንን ነው። የአስመራው የሐምሌ መግለጫ ግን አምስት ነጥብ ነበር፣ ከእነዚህ አንዱንም የማይመልስ።

አሁን «አንተ ደግሞ፣ መሪዎች ባይነጋገሩ ይሻል ነበር እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። የለም፣ ይነጋገሩ! ከመድፍ ወሬ ይሻላል። የእኔ ነገር ሌላ ነው። የሁለት አገር ጉዳይ የሁለት ሰው ወዳጅነት ሲሆን፣ ሰዎቹ የተኮራረፉ ቀን አገር ይኮራረፋል።

ይህንንም ከመጽሐፍ አላመጣሁትም፣ አንዴ አይተነዋል። በ1985 የአቶ መለስ ዜናዊና የአቶ ኢሳያስ መንግሥታት የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ተፈራርመው ነበር። ያኔም የትግል ጓዶች ናቸው፣ ምን ሰነድ ያስፈልጋቸዋል ተባለ። በ1990 ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ ንግዱ በምን ገንዘብ ይካሄድ በሚለው ተጨቃጨቁ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ባድመ ነደደች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት አለቀ። እና ከ20 ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው አኳኋን፣ ያለ ዝርዝር እንደገና ጀመርን። ጉድ እኮ ነው!

ከኤርትራ ጋር ረጅሙን ድንበር የሚጋራው የትግራይ ክልል አስተዳደር ደግሞ ከሦስትዮሹ ጠረጴዛ አጠገብ አልነበረም። ከአዲስ አበባም ከአስመራም ጋር ተኳርፎ ነበር። ብዙ ሰዎች ዛሬ ያ ሁሉ መሰባሰብ ለሰላም ሳይሆን ለጦርነት ነበር ይላሉ። እኔ የመሪዎችን ልብ አላነብም። የማውቀው ይህን ነው፦ ጦርነቱ ጥቅምት 2013 ሲፈነዳ የኤርትራ ወታደር ድንበር አቋርጦ ገባ፤ መንግሥት አልገባም ሲለን ከርሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መግባቱን ለፓርላማ ያመኑት መጋቢት 14 ቀን 2013 ነው። ከአራት ወር በላይ! የጎረቤት ጦር በአገራችን ምድር መኖሩን የምንሰማው ከውጭ ሬዲዮ ነበር። ይኼ ነው እንግዲህ ትብብር የተባለው።

ሂሳቡ የመጣው ድብ ባሕር መንገድ ላይ ነው። ሰኔ 2013 መጨረሻ የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። በነሐሴ የሕወሓት ኃይሎች በዚህ በኩል ገፍተው ውጊያው ደባርቅና ዳባት ድረስ ዘለቀ። ዳባት ወረዳ ጭና በምትባል የገጠር ቀበሌ ከ100 በላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለው መገኘታቸውን የአካባቢው ባለሥልጣናት ተናገሩ፤ ሕወሓት አስተባበለ። በግራም በቀኝም የሚያስተባብለው በዛ፣ ቀብሩ ግን በገበሬው ደጃፍ ነው።

እዚያው ዳባት ዓለምዋጭ የሚባል የስደተኞች መጠለያ አለ። ማይ ጸብሪ አካባቢ ከነበሩት ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ ጣቢያዎች በጦርነቱ ሳቢያ የወጡ ኤርትራውያን የተጠለሉበት ነው። አስቡት እስቲ፤ ከአቶ ኢሳያስ አገዛዝ ሸሽቶ የመጣ ወጣት፣ አቶ ኢሳያስ በክብር ከተስተናገዱባት ከጎንደር በላይ ባለ ድንኳን ውስጥ። ከእነዚያ ሁሉ ጉባኤዎች በአንዱ ስለ እሱ አንድ መስመር ተጽፎ ይሆን?

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም ኤርትራ ፈራሚ አልነበረችም። ጥቅምት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀይ ባሕርን ጉዳይ ሲያነሱ አስመራ ተቆጣች። ታኅሣሥ 22 ቀን ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ሞቃዲሾ ተቆጣች። በመጨረሻ መስከረም 30 ቀን 2017 አስመራ ላይ ሌላ የሦስትዮሽ ጉባኤ ተደረገ፦ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ግብፅ። የእኛን ወንበር ካይሮ ወሰደችው! አንካራ በታኅሣሥ ከሞቃዲሾ ጋር አሸማገለችን። ከአስመራ ጋርስ ማን ያሸማግለን?

ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የምለው ይኸው ነው። ከ2010 ጀምሮ ከአስመራና ከሞቃዲሾ ጋር የተፈረመ ሁሉ፣ አባሪውም ጭምር፣ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ይቅረብና ይነበብ። ኬላዎቹ ለምን እንደተዘጉ፣ ማን እንዳዘዘ፣ በስም ይነገረን። የሚቀጥለው ጉባኤ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ መግለጫው ከመውጣቱ በፊት የሑመራና የዛላምበሳ ነጋዴ፣ የደባርቅ ሾፌር፣ የዓለምዋጭ ስደተኛ ይጠየቅ። አዛውንቱ ሾፌር መኪናቸውን ያላሳደሱት የሚያምኑት ወረቀት ስላላዩ ነው።