ጄቶቻችንን ለቆራሌው?

በኛ ከተማ የብረት ዕድሜ አጭር ነው። ዛሬ የግቢ በር የነበረ ነገ ከሰል ማንደጃ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ ቀልጦ ፌሮ ይሆንና አንዱ ፎቅ ውስጥ ይቀበራል። ጠዋት ገርጂ ላይ "ቆራሌው!" ብሎ የጮኸው ልጅ ከሰዓት ጭነቱን ምናለሽ ተራ ያራግፋል። ይሄን አንነቅፍም። እንዲያውም ምናለሽ ተራ ባይኖር የስንቱ አዲስ አበቤ ኩሽና ባዶውን በቀረ! የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለቆራሌው የሚሰጠውን ብረት ከማይሰጠው የምንለይበት ወንፊት አለን ወይ?

ጥያቄውን ያነሳነው ለድስትና ለበርሜል አይደለም። ዛሬ ልናወራ ያሰብነው ጡረታ ስለሚወጡ ተዋጊ ጄቶች ነው። (አዎ፣ "የቤት ኪራይ እዚህ ደርሶ እናንተ ስለ አሮጌ ጄት?" እንደምትሉን እናውቃለን። ትንሽ ታገሱን።)

ከ"ፀሐይ" እንጀምር። ዘመኑን ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው የምንጽፈው። "ፀሐይ" በ1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እዚሁ አገር የሠራት ትንሽ አውሮፕላን ናት። ስሟ ከልዕልት ፀሐይ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ማረካትና ወደ ሮም አገር ወሰዳት። ለብዙ ዓመታትም ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ተቀምጣ ታየች። ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ወደ 88 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ስትመለስ ሁላችንም ደስ አለን፣ ፌስቡካችንም በፎቶዋ ተጥለቀለቀ።

ግን ቆይ፣ አንድ ነገር አያስቆጫችሁም? "ፀሐይ" የተረፈችው የማረካት ስላስቀመጣት ነው።

ሁለተኛውን ታሪክ ስሙ። በ1940ዎቹ ኢትዮጵያ ከካናዳ ባሕር ኃይል "ፋየርፍላይ" የሚባሉ ባለ ፕሮፔለር ተዋጊ አውሮፕላኖች ገዝታ ነበር። አገልግሎታቸውን ጨርሰው ተጣሉ። ካናዳውያን ግን በ1980ዎቹ አጋማሽ ፈልገው አግኝተው ወሰዱ። ዛሬ ካናዳ ውስጥ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ጠረፍ ላይ፣ ሺርወተር የሚባል የአቪዬሽን ሙዚየም አለ። እዚያ ካሉት አውሮፕላኖች አንዱ የኢትዮጵያን ሰማይ ያውቃል። ማየት የፈለገ የካናዳ ቪዛ ይጠይቅ።

ሁለት አውሮፕላን፣ አንድ ትምህርት። አንዷን ጠላት አስቀመጠልን፣ ሌላውን ሻጩ መጥቶ አነሳው። የኛ ድርሻ የቱ ጋ ነው?

እዚህ ላይ "አሮጌ አውሮፕላን ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። እኛ እንዲህ እንላለን፤ የኢትዮጵያን የውጭ ጉዳይ ታሪክ በአንድ ከሰዓት መማር የሚፈልግ ሰው መጽሐፍ ከሚያገላብጥ ጄቶቹን ተራ በተራ አሰልፎ ቢያይ ይሻለዋል። ከጣሊያን በኋላ አየር ኃይሉ እንደገና ሲቋቋም ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን መጣ፤ የስዊድኑ ሳብ-17ም መጣ። ቀጥሎ ከካናዳ ፋየርፍላይ። ከዚያ ፊታችንን ወደ አሜሪካ አዞርን፤ ኤፍ-86 ሴበር ገባ፣ ከነሱም አራቱ በ1954 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ኮንጎ ዘመቱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤፍ-5 ተከተለ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወረን በአሜሪካ ኤፍ-5 የሶቪየት ሚግ መታን። ዓመቱ ሳይዞር ደግሞ እኛው ራሳችን የሶቪየት ወዳጅ ሆነን ሚግ-21 እና ሚግ-23 ላይ ተቀመጥን። በኤርትራ ጦርነት ጊዜ የሩሲያው ሱ-27 ተጨመረ። ከስቶክሆልም እስከ ሞስኮ ማንን እንደወደድን፣ ማን እንደከዳን፣ ማንን እንደከዳን በአሉሚኒየም ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ከዚህ የተሻለ የታሪክ ቤተ መጽሐፍት ካለ አሳዩን።

ከብረቱ ጀርባ ደግሞ ሰው አለ። የኤፍ-5 አብራሪው ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ አወረደ፤ በኋላ የራሱ ጄት ተመታና ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታሰረ። ሲፈታ 1980 ዓ.ም. ሆኖ ነበር። ይሄን ለአንድ የሰሚት ታዳጊ ብትነግሩት "አሪፍ ነው" ብሎ ስልኩን ይቀጥላል። አብራሪው ከነትጥቁ የሚገባባትን ያቺን ጠባብ ክፍል በዓይኑ ሲያይ ግን ዝም ይላል። ሙዚየም የሚባለው ነገር ለዚያች ዝምታ ነው የተፈጠረው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። "ጄት ጌጥ አይደለም፣ ሰው የገደለ መሣሪያ ነው" የሚሉ ወዳጆች አሉን። ትክክል ናቸው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ከሰማይ የወረደው ቦምብ ከራሳችን አየር ኃይል ነበር። የሞተው ሊገበያይ የወጣ ሰው ነው። ሚግ-23ን ቀለም ቀብቶ፣ በአበባ ከቦ፣ ስለ ሐውዜን አንዲት መስመር ሳይጽፉ ማቆም ውሸት ነው። እንዲህ ያለ ሙዚየም ከሚኖረን ባይኖረን እንመርጣለን።

ግን መልሱ ጄቱን ማቅለጥ ነው? ጎረቤታችን ሐርጌሳ ሌላ መልስ አላት። በዚያው በ1980 ዓ.ም. የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከራሷ ከሐርጌሳ ኤርፖርት እየተነሱ ሐርጌሳን ደበደቧት። ሰላም ሲመጣ የከተማዋ ሰዎች አንድ ሚግ-17 መሀል ከተማ፣ ገበያው አጠገብ፣ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ከሥሩ ልጆች ይጫወታሉ፣ ሴቶች ይነግዳሉ። ያ ሚግ ጀግንነት አያወራም፤ ይመሰክራል። ብረቱ ቀልጦ ቢሆን ኖሮ "አልደበደብንም" ለሚል ሰው መንገዱ በተከፈተ ነበር። የጠፋ ማስረጃ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ሳይነገረን እናውቃለን።

የኛ ጠባይ ግን ይታወቃል። መንግሥት ሲቀየር የቀደመው ዕቃ ሁሉ ያፍራል። የጃንሆይ የሆነውን ደርግ ይሸሽጋል፣ የደርግ የሆነውን ተከታዩ አያነሳም። ሴበር የንጉሡ፣ ሚግ የመንግሥቱ፣ ሱኮይ የኢሕአዴግ እየተባለ ከተከፋፈለ አንድም አይተርፍም። ጄት ግን ፓርቲ የለውም። ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አንድ ይቀመጥ የምንለው ለዚህ ነው።

የት? መቼም የአየር ኃይሉ ቤት ቢሾፍቱ ነው፤ ክብሩን አንነጥቅም። ነገር ግን ጦር ሰፈር እንደ ሞል ዘው ተብሎ አይገባበትም። ሕዝብ የሚውለው፣ እንግዳም የሚያርፈው ቦሌ ነው። ደግሞ ቦሌ ራሷ የጄት ልጅ ናት። የልደታው ማረፊያ ለጄት ስላልበቃ ነው ቦሌ የተሠራው፤ በ1955 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720ቢ ጄቶች መጥተው ነው ይሄ ሰፈር ዓለምን የለመደው። ከጎሮ እስከ ሲኤምሲ ያደግን ልጆች የአውሮፕላኑን ዓይነት በድምፁ እንለያለን። የልደታው ማረፊያስ? "ኦልድ ኤርፖርት" የሚል ስም ለሰፈሩ አውርሶ ሄደ። ዛሬ አየር መንገዱ ቢሾፍቱ አጠገብ አዲስ ግዙፍ ኤርፖርት ለመገንባት ተነስቷል። ቦሌም እንደ ልደታ ስም ብቻ ሆና እንዳትቀር ከአሁኑ አንድ ጥግ መሬት ይከለል። በካሬ ሜትር ተሸንሽኖ አፓርትመንት ከሆነ በኋላ ማንም አይመልሰውም።

አንድ ነገር እንጨምር። ጄትን ማስቀመጥ ሜዳ ላይ አቁሞ መሄድ አይደለም። ጄት ቆሞም ይሞታል። የክረምቱ ዝናብ ክንፉ ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣል፤ ብረት ብሎንና አሉሚኒየም በተገናኙበት ቦታ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው ከተማችን ፀሐዩ ጠንካራ ነውና የአብራሪው ክፍል ፕላስቲክ መስታወት ይጠወልጋል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ጎማው ይደርቃል። በሞተሩ አፍ ወፍ ገብታ ጎጆ ትሠራለች። አብራሪውን በፍንዳታ ወደ ላይ የሚተኩሰው ወንበር ካልከሸፈ ደግሞ ጎብኚ ይገድላል። መፍትሔው ግን ሮኬት ሳይንስ አይደለም፤ ጣሪያ፣ የውኃ መውጫ ቀዳዳ፣ የሞተር መክደኛ፣ በዓመት አንዴ እጥበትና ፍተሻ። ባሕር ዳር ያሉት እነ ሺርወተር ይሄ ሁሉ አንሷቸው ጨው ካዘለ ነፋስ ጋርም ይታገላሉ። እኛ ጨው የለብንም፣ የዓመቱም አብዛኛው ወር ደረቅ ነው። እግዜር ግማሹን ሠርቶልናል።

ሙያውም ሩቅ አይደለም። ቦሌ አጥር ውስጥ የአፍሪካን አውሮፕላኖች የሚጠግኑ እጆች አሉ። ቢሾፍቱ ላይ ደጀን አቪዬሽን ሚጎችን ሲያድስ የኖረ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጡረተኞቹ አሉ። በ1969 ዓ.ም. ሃያዎቹ ውስጥ የነበረ የኤፍ-5 ቴክኒሻን ዛሬ ሰባዎቹ ውስጥ ነው። የትኛው ብሎን በየት በኩል እንደሚፈታ፣ የትኛው ጄት ማታ ተጠግኖ ጠዋት እንደተነሳ፣ ማን ተነስቶ እንዳልተመለሰ የሚያውቀው እሱ ነው። ብረቱ አሥር ዓመት ይጠብቀን ይሆናል፤ እሱ ግን ላይጠብቀን ይችላል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የትኛውም ጄት በኪሎ ከመሸጡ በፊት ምን እንደቀረን ተቆጥሮ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ከየዓይነቱ አንድ ተለይቶ ጣሪያ ሥር ይግባ። ሦስተኛ፣ ቦሌ ላይ ሕዝብ ትኬት ቆርጦ የሚገባበት ቦታ ይሰጠው። አራተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጄት ፊት የሚቆመው ጽሑፍ የጀግናውንም የተጎጂውንም ስም ይያዝ።

ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው። የኛና የናንተ ሥራ ደግሞ አለ። አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ ወይ የሰፈራችሁ ጋሼ አየር ኃይል ሠርተው ከሆነ በዚህ እሑድ ቡና አፍሉላቸውና ስልካችሁን አስቀርጹ። መጀመሪያ "ምን ትዝ ይለኛል ብላችሁ ነው" ይሏችኋል። ቆይታችሁ ጠብቁ፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ ይጀምራሉ።