ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ደብረ ኤልያስ ውስጥ ኮምፒውተር ሲታመም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። መምህሩ ፎቶ ኮፒ ቤት የሰካው ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ሲያገኛቸው «ቫይረስ በላብኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ፋይሉ አልተበላም፣ ተደብቋል እንጂ። ጠጋኙ ሁሉንም አጥፍቶ ዊንዶውስ እንደገና ይጭናል፤ ከሳምንት በኋላ ያው ፍላሽ ያንኑ በሽታ ይዞ ይመለሳል። ምን ነበር? በየት ገባ? የሚጠይቅ የለም። የምቃወመው ፎርማቱን አይደለም፣ ይህን አለመጠየቅ ነው።

ትሮጃን ስሙን ያገኘው ግሪኮች ወታደር ሸሽገው ትሮይ ካስገቡት የእንጨት ፈረስ ነው። የቅኔ አገር ሰው ግን ፈረሱ አያስፈልገውም፣ ሰምና ወርቅ ያውቃል። ሰሙ ልትከፍቱት የምትጓጉለት ፎቶ ወይም ሰነድ ነው፤ ወርቁ ከሥር የሚሠራው ፕሮግራም።

በእኛ ላይ የደረሰ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ የተባለውን የስለላ ፕሮግራም የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ለብሶ አገኘው፤ የሚገናኘውም ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ነበር። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊም ኮምፒውተሩ ሲመረመር የዚሁ ፕሮግራም ርዝራዥ ተገኘበት። በክሱ እንደተገለጸው የገባው በኢሜይል ከመጣ የዎርድ ሰነድ ጋር ነው፤ ለወራትም የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ ቆይቷል። ሰውየው ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በመጋቢት 2017 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ አይደለም ብሎ ዘጋው። (ኮምፒውተሩ እቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳለ!) ተሸነፈ፤ ነገሩ አደባባይ የወጣው ግን ርዝራዡ ስላልተደመሰሰ ነው። ቀድሞ ጥገና ቤት ሮጦ ፎርማት አስደርጎ ቢሆን ኖሮ ለክስ የሚበቃ ነገር ባልቀረ ነበር።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፋይል ሁሉ በፍላሽ መዞር ጀመረ፤ አንቲ ቫይረሱም ማሻሻያ ሳይደርሰው አረጀ። በዚያ ላይ ክራኩ አለ። ብዙዎቻችን በነጻ የምናስጭነው ኦፊስ ሊከፈት ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዲፌንደርን አጥፉልኝ» ብሎ ነው። እኛም እናጠፋለን። ዘበኛ አሰናብቶ እንግዳ መቀበል!

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት ሲንቀራፈፍ ወይም ያልነካችሁት ነገር ሲከፈት መጀመሪያ ከኢንተርኔት ንቀሉት። ፓስዎርዳችሁን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ቀይሩ፤ ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁትን አስወጡ። ዊንዶውስ የፋይል ስም ጭራን ስለሚደብቅ እንዲያሳይ አድርጉት፤ በዎርድ ምልክት የመጣ «ፈተና» ጭራው ኢኤክስኢ ከሆነ ሰነድ አይደለም። ቀጥሎ ዲፌንደርን አሻሽላችሁ ኦፍላይን የሚለውን ምርመራ አስጀምሩት፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ተደብቆ የሚሠራውን የመያዝ ዕድሉ ይሰፋል። ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ሰነድና ፎቶ ብቻ ይቀዳ፣ ፍላሾቹም አብረው ይመርመሩ። ጋዜጠኛ ወይም የመብት ሠራተኛ ከሆናችሁ ግን ሃርድ ዲስኩን አታስነኩ፤ አስወጥታችሁ አስቀምጡት።

ለጥገና ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ። ደረሰኙ ላይ «ፎርማት» ብቻ አትጻፉልን፤ የተገኘውን ቫይረስ ስምና ከየትኛው ፋይል እንደተነሳ ጨምሩበት።