ስህተት በተገኘ ቁጥር ጣት ወደ ፊደላችን አይቀሰር

እዚህ ኦስዶርፕ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት አማርኛ የምናስተምር ጥቂት ተማሪዎች አለን። መልመጃዎቹን የምናዘጋጀው ኦስዶርፕላይን ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለን ሲሆን፣ የምናስቀምጣቸው በጊት ነው። የፋይሎቹን ስም በአማርኛም በደችም እንጽፋለን።

ባለፈው ወር አንድ ችግር ገጠመን። በእኔ የሊኑክስ ላፕቶፕ ሁሉም ሰላም ነው። ጓደኛዬ ግን ማክ ላይ ገና እንዳወረደችው፣ ምንም ሳትነካ፣ ጊት «የተቀየረ ፋይል አለ» ይላታል። አጥፍታ ደግማ ብታወርደውም ያው ነው። ስክሪኑ ላይ ደግሞ «ሀሁ» የሚለው የፋይል ስም «\341\210\200\341\210\201» ሆኖ ይታያል። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ጥፋቱ የአማርኛው ነው፤ ስሞቹን በላቲን እንቀይር» አልን። እውነቱን ለመናገር ቀድሜ ያልኩት እኔ ነኝ።

የአማርኛ ስሞቹን በሙሉ ቀየርን። ስህተቱ ግን እዚያው ነበር።

ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብንን ያደረግነው። ጊት ባይሴክት የለውጦችን ታሪክ እኩል ለሁለት እየከፈለ ስህተቱ የገባበትን ቦታ ያሳያል፤ ለ120 ለውጦች 7 ሙከራ ይበቃል። ጥፋተኛው «ኤን» የሚል የደች ስም ያለው ፋይል ሆኖ ተገኘ። ቃሉ «አንድ» ማለት ነው፤ በደች ሲጻፍ ሁለቱ አናባቢዎች ላይ ጭረት አለ። ጭረት ያለበት ፊደል በዩኒኮድ በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ እንደ አንድ ፊደል፣ ወይም ፊደሉና ጭረቱ ተለያይተው። አንደኛውን እኔ ተይቤው ነበር፤ ሌላው ከአሮጌ ማክ በዚፕ የመጣ ነው። የአንዱ ስም 5 ባይት፣ የሌላው 7 ባይት። ሊኑክስ ሁለት ፋይል ናቸው ሲል ማክ አንድ ናቸው ይላል። «አንድ» የተባለው ፋይል ሁለት ነበር!

ፊደላችን ንጹሕ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው፤ እንዲህ ተለያይተው የሚጻፉበት መንገድ የለም። ያ የቁጥር ጋጋታም የማሳያ ልማድ ብቻ ነው፤ «ኮር ኮትፓዝ» የሚባለውን ቅንብር ሲያጠፉት ይጠፋል። የእኛ ነገር «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሆኖ ነበር።

ይህች ከተማ ለእንዲህ ያለ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በአምስተርዳም ፍሬዬ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዲክ ግሩነ፣ ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር የሥራ ሰዓታቸው አልገጥም ቢል ሲቪኤስን ጀመረ። መሣሪያው የተሠራው የተለያዩ ሰዎች እንዲስማሙ እንጂ አንዱ ቋንቋውን እንዲተው አይደለም።

የራሳችን የቤት ሥራ የለም አልልም። «ሰላም» እና «ሠላም» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት። አንዱን አጻጻፍ መርጠን ልንስማማ ይገባል። ማኅበራችንም የጋራ ሰነዶቹን ስም በፊደላችን ይጻፍ እላለሁ። ሕፃናቱን ፊደል እያስተማርን፣ ችግር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምንጥለው ፊደሉን ከሆነ ምን እያስተማርናቸው ነው?

ስሞቹን መልሰናል። ደግነቱ ጊት የቀድሞውን አይረሳም።