የገዛሁትን ስልክ ቁልፍ ስጡኝ

ዛሬ ተበሳጭቼ ነው የምጽፈው፤ ረዘም ስለሚል ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የድሮ ተማሪዎቼ "ቲቸር አሁንም እዚያው ናቸው" እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ እዚያው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሁለት ጋላክሲ ኤስ 5 ይዛ መጣች። አንዱ ከጀርመን፣ አንዱ ከአሜሪካ፣ ሁለቱም በዘመድ ሻንጣ የገቡና ዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተኙ ናቸው። በፈረንጆቹ 2014 የወጣ ስልክ ነው፤ ጀርባው በጥፍር ተከፍቶ ባትሪው የሚቀየር (ምን ዓይነት ደግ ዘመን ነበር!)። አምራቹ ለዚህ ስልክ ማደስ ያቆመው አንድሮይድ 6 ላይ ነው። "ጋሼ፣ አንዱን ለትምህርቴ አድስልኝ" አለችኝ።

የጀርመኑ አላስቸገረም። ሞዴል ቁጥሩን አረጋገጥኩ፣ ኬብል ሰካሁ፣ ላይኔጅ ኦኤስ ጫንኩበት፤ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ በአንድሮይድ 11 ተነሳ። ለማታውቁት፣ ላይኔጅ ማለት ሳያኖጅንሞድ የሚባለው በ2016 መጨረሻ ሲዘጋ በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ያስቀጠሉት ነፃ አንድሮይድ ነው። አምራች "ሞቷል" ያለውን ስልክ ደሞዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ያስነሱታል።

የአሜሪካው ግን እምቢ አለ። መልኩ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ የሸጠው ግን እዚያ አገር ያለ የስልክ አገልግሎት ኩባንያ ነው፤ ቡትሎደሩን ቆልፎታል። ሲም ሎኩን አይደለም የምላችሁ፤ እሱማ መርካቶ ላይ ድሮ ተከፍቷል። ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ዘበኛ በሉት። ቀጥሎ የሚነሳው ሲስተም የሚያውቀው ፊርማ ካለበት ያስገባል፣ ከሌለበት በር ላይ ይመልሳል። ዘበኛው የሚያውቀው ፊርማ ደግሞ የእነሱን ብቻ ነው። ገንዘቡ የተከፈለው ሙሉ በሙሉ፣ ኮንትራቱ ካለቀ ዓመታት ያለፉት ስልክ ነው እኮ! ቤት ሸጦልህ ቁልፉን ኪሱ ይዞ የሄደን ሰው ምን ትለዋለህ?

"ለደህንነትህ ነው" ይሉኛል። ይህን ክርክር አልንቀውም። ቁልፉ ባይኖር ሌባ ስልክህን ቀምቶ የፈለገውን ሲስተም ይጭንበታል፤ ስለላ የሚሠራ ሲስተም ጭኖ የሚመልስልህም አይጠፋም። እሺ። ግን የጎግሉን ፒክስል ተመልከቱ፤ ከኩባንያ ኮንትራት ውጭ የተገዛ ፒክስል ባለቤቱ ቡትሎደሩን ይከፍታል፣ ግራፊን ኦኤስን የመሰለ ሌላ ሲስተም ይጭናል፣ ከዚያ በአዲሱ ሲስተም ቁልፍ መልሶ ይቆልፈዋል። ዘበኛው ሥራውን አልተወም፣ አሠሪው ነው የተቀየረው። ይህ እየተቻለ "ወይ ደህንነት ወይ ባለቤትነት" ብሎ ማስፈራራት ምን ይባላል? ሁዋዌ በ2018 የቡትሎደር መክፈቻ ኮድ መስጠት ሲያቆም ስልኩን ቀድመው የገዙትንም ነው በር የዘጋባቸው። ሳምሰንግ ደግሞ በሚከፈቱት ስልኮቹ ውስጥ ኖክስ የሚሉት ፊውዝ አለው፤ ሌላ ሲስተም ከጫንክ ይቃጠላል፣ የመጀመሪያውን ብትመልስም አይድንም። የዕድሜ ልክ ቅጣት ማለት ነው።

በጣም ያናደደኝ ግን ባንኬ ነው፤ ስሙ ይቆይ። የራሴ ስልክ አምራቹ ከተወው ቆይቷል፤ እኔ አዲስ አንድሮይድ ጭኜበት የደህንነት ጥገናው በየወሩ ይደርሰዋል። የባንኩ መተግበሪያ "የስልክዎ ሲስተም ተቀይሯል" ብሎ ዘጋኝ። ባልደረባዬ ያው ሞዴል አለው፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ጥገና ያላገኘ፣ ቀዳዳው እንደ ወንፊት የሆነ። እሱን "እንኳን ደህና መጡ" ይለዋል። ምክንያቱም ብዙ መተግበሪያዎች የሚደገፉበት የጎግል ፍተሻ በዋናነት የሚጠይቀው "ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ወይ?" እንጂ "ቀዳዳው ተደፍኗል ወይ?" የሚለውን አይደለም። ቅርንጫፍ ሄጄ ለማስረዳት ሞከርኩ። ልጅቷ በትሕትና አዳመጠችኝና "አባባ፣ አዲስ ስልክ ቢገዙስ?" አለችኝ። አባባ ያለችኝ ራሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አዲስ ስልክ! ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የስልክ ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ደህና ስክሪን፣ ደህና ካሜራ ያለው ስልክ ሶፍትዌሩ ስላረጀ ብቻ ሲጣል የሚጎዳው በየዓመቱ የሚቀይረው ሰው አይደለም፤ የእኛ ተማሪ ነው።

ደግሞ ይህ ሁሉ የተሠራው በማን ላብ ነው? የአንድሮይድ እምብርት ሊነክስ ነው፤ ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው በጂፒኤል ፈቃድ በነፃ የተሰጠ። ኮዱን እንድታይ ፈቃዱ ያስገድዳቸዋል፣ አሻሽለህ ስልክህ ላይ መልሰህ እንድትጭን ግን በር ዘጉብህ። በ2007 የወጣው ሦስተኛው ጂፒኤል ይህን ተንኮል ለመከልከል ነበር የተጻፈው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ አልስማማም ብሎ ሊነክስ በሁለተኛው ቀረ። ሊነስን አከብረዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስቷል ብዬ ክፍል ውስጥም ስከራከር እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አንብበህ ዛሬ ማታ ያለህን አንድ ስልክ እንዳትፈታ አደራ! ስትከፍተው ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የሞዴል ቁጥሩ በአንድ ፊደል ቢለይ ስልኩ ድንጋይ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል የወረደ ፋይልም አትጫኑ።

የጀርመኑን ልጅቷ ወስዳዋለች። የአሜሪካው ጠረጴዛዬ ላይ የማንቂያ ደወል ሆኗል። ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ ስልክ ለመላክ ካሰባችሁ ከኩባንያ በኮንትራት የተሸጠውን ተዉትና ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩን ላኩልኝ። እዚህ ያላችሁ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ስልክ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ፤ ኬብላችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የእኔ ተሰብሯል።