የእንጨት ፔሌት፦ ለቦሌ ሳሎን ወይስ ለእንጀራ ጋጋሪው?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሐምሌ ዝናብና የኅዳር ሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዙ ለነዋሪዋ አይነገረውም። የቦሌ ቪላ ባለቤት ሳሎኑ ውስጥ ማንደጃ አሠርቶ ባሕር ዛፍ ያነድዳል፤ ከሰሚት እስከ ቦሌ አራብሳ ያለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጭስ ማውጫ ስለሌለው ጋቢ ይደርባል። ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ደግሞ የከሰል ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገብቶ በሩን ይዘጋል። በዚህ ዓይነት ተኝተው የቀሩ ጥቂት አይደሉም። የከተማዋ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ደግሞ ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው።

ታዲያ የእንጨት ፔሌት ለዚህ ብርድ መፍትሔ ይሆናል? ባለሀብቱስ ገንዘቡን ቢያፈስበት ያተርፋል?

ፔሌት ማለት ደርቆ የተፈጨ እንጨት ወይም ሰጋቱራ በከባድ መኪና ተጨምቆ፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዞ የሚወጣ ነዳጅ ነው። ሙጫ አይጨመርበትም፤ በጭመቃው ሙቀት እንጨቱ ራሱ ይጣበቃል። እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች ስለሆነ ጭሱ ጥቂት ነው፤ ንጹሕ እንጨት ከሆነ አመዱም እፍኝ አይሞላም። ፈረንጆቹ ከ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የነዳጅ ቀውስ ወዲህ ቤታቸውን ሲያሞቁበት ኖረዋል። ይሁን እንጂ እነርሱም ቢሆኑ ከገበያ ንዝረት አላመለጡም፤ በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የጀርመን የፔሌት ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ዘልሏል።

ወደ ቦሌ እንመለስና ሒሳቡ ይታይ። አንድ ኪሎ ፔሌት በደህና ምድጃ ሲነድ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ለቤቱ ይሰጣል። ስለዚህ ባለ ቪላው የመብራት ደረሰኙን አውጥቶ የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በ4 ያባዛ። አንድ ኪሎ ፔሌት ከዚያ በርካሽ ካልተሸጠለት ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሻለዋል። እውነት ነው፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ያም ሆኖ የፔሌት ምድጃው ራሱ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ እንዲህ ያለ ዕቃ ስንት እንደሚያወጣ ለአስመጪው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በዓመት ለጥቂት ወራት፣ ያውም ለምሽት ብቻ የሚነድ ምድጃ ዋጋውን መቼ ይመልሳል?

ሌላም ጣጣ አለው። ፔሌቱን ወደ እሳቱ የሚገፋው ሞተርና አየር የሚነፋው ማራገቢያ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ እርሱም ይጠፋል! ጭስ ማውጫም ግድ ይለዋል፤ ያለዚያ የሚለቀው ጋዝ ከከሰሉ የማይተናነስ ገዳይ ነው። ስለዚህ ለኮንዶሚኒየሙም ለሰርቪስ ቤቱም አይሆንም። እነዚህን ቤቶች ከከሰል ሊያድናቸው የሚችለው የማይቆራረጥ መብራት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ኃይል እስከ ሰፈር ትራንስፎርመሩ በአግባቡ ሲደርስ የሳሎን ፔሌት ገበያ ይበልጥ ይጠባል።

ገበያው ያለው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ለፔሌት በተሠራ ማራገቢያ ባለው ምድጃ አንድ ኪሎ ፔሌት፣ በላቀች ምድጃ ከሚነድ አንድ ኪሎ ከሰል ጋር ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል። ልዩነቱ ከበስተጀርባ ነው። በአፈር ተዳፍኖ የሚከሰል እንጨት ከክብደቱ ተርፎ የሚወጣው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው፤ አንድ ኪሎ ከሰል ቢያንስ 5 ኪሎ እንጨት በልቷል ማለት ነው። ፔሌት ግን የገባው ደረቅ እንጨት ከሞላ ጎደል መልሶ ይወጣል። በጅምላ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ምግብ ቤቶች፣ የሆቴል ወጥ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ያነድዳሉ። ማገዶና ከሰልም የሚገዙት በጆንያ ሳይሆን በመኪና ነው። ምድጃ ተሠርቶላቸው ነዳጁ በኪሎ ከከሰል በታች ከቀረበላቸው ደንበኛ ይሆናሉ። በአውሮፓ ዋጋ የሚተምን ግን ከደጃፋቸው ይመለሳል።

ጥሬ ዕቃውም ቢሆን እንደሚታሰበው በነፃ የሚዛቅ አይደለም። ሰጋቱራ ለዶሮ ጉዝጓዝ ይፈለጋል። በየፈርኒቸር ቤቱ የሚጠረገው ደግሞ ከኤምዲኤፍና ከቺፕውድ ብናኝ ጋር የተደባለቀ ነው፤ እርሱ ሙጫ ስላለበት ምግብ በሚበስልበት ቤት መንደድ የለበትም። የቡና ገለባ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አመዱ ይበዛል፣ ምድጃውንም ይዘጋል። ያለውም ጅማና ዲላ አካባቢ ነው። ገለባ ከነመጠኑ ጭኖ አዲስ አበባ ማምጣት አየር መጫን ስለሆነ እዚያው ተጨምቆ መምጣት አለበት።

መኪናውን ለማዘዝ የተጣደፈ ባለሀብት ካለ አንድ ክረምት ይታገሥ። ጥቂት ኩንታል አሠርቶ ቦሌ አካባቢ ለሁለት ሦስት እንጀራ ጋጋሪዎች ሐምሌና ነሐሴን ያስነድድ፤ ሰጋቱራውን ፀሐይ በሌለበት ወራት በምን ወጪ እንዳደረቀው ይመዝግብ። ፔሌት እርጥበት ከነካው አብጦ ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናልና የደንበኞቹን መጋዘን ጣሪያም ቀና ብሎ ይመልከት።