የሞተ አጥንትና የባከነ ጊዜ፦ ጥናታችን ከወጌሻው ደጅ ይጀምር

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው፤ ደም ሲቋረጥበት ይሞታል። ኦስቲኦኔክሮሲስ በሚባለው በዚህ ሁኔታ የአጥንት ሕዋሳት በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ያልቃሉ፤ በራጅ የሚታየው ለውጥ ግን ብዙውን ጊዜ ወራት ዘግይቶ ይመጣል። ሐኪሙ ሞቱን የሚያየው ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ በሀዲያና በከምባታ ላሉ ሕሙማን ትልቁ የመዳን ዕድል ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ሰዓታት በመሆኑ ጥናታችንም ወደዚያው ማዘንበል አለበት የሚል ነው።

አጥንት የሚሞትባቸውን ሦስት መንገዶች እንመልከት። የመጀመሪያው የጭን አጥንት አንገት ስብራት ነው። ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄዱት ዋነኞቹ የደም ሥሮች አንገቱን ታከው ስለሚያልፉ፣ ስብራቱ ከቦታው ሲንሸራተት ሊበጠሱ ይችላሉ። ራሱ ሞቶ ከተደረመሰ በኋላ የሚቀረው አማራጭ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ሲሆን፣ ይህም ከብዙ አርሶ አደር አቅም በላይ ነው። ሁለተኛው የአጥንት ኢንፌክሽን ነው። በአጥንቱ ውስጥ የተጠራቀመው መግል የደም ዝውውሩን ይዘጋል። የሞተው ቁራጭ ደም ስለማይደርሰው መድኃኒትም አይደርሰውም፤ በቀዶ ሕክምና መውጣት ይኖርበታል። ሦስተኛው የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃና በጨርቅ ከመጠን በላይ ጠብቆ ሲታሰር የሚደርሰው ነው። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ጋንግሪን ከተከተለ መጨረሻው መቁረጥ ነው።

ሦስቱም በአንድ ደጅ ያልፋሉ። ከሞተር ሳይክል የወደቀው ወጣት ዳሌው «ወልቋል» ተብሎ ይታሻል፤ እግሩ ያተኮሰው ሕፃን «ወለምታ ነው» ይባልለታል፤ ስብራቱም በጥብቅ ይታሰራል። ቤተሰብ ወጌሻን የሚመርጠው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ክፍያው ቀላል ነው፣ በቋንቋው ያነጋግረዋል፤ ሆስፒታል ግን በብዙዎች ዘንድ እግር የሚቆረጥበት ቦታ ሆኖ ይፈራል። ታካሚው ዘግይቶ ሲመጣ በእርግጥም ይቆረጣል፤ ፍርሃቱም ይጸናል።

አንዳንድ ባልደረቦች ወጌሻነት ይከልከል ይላሉ። የሚያዩትን ጉዳት ለሚያውቅ ሰው ቁጣቸው አግባብ ነው። ሆኖም ክልከላ ሙያውን ወደ ጓዳ ያስገባዋል፤ ታካሚውም የበለጠ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት የወጣ ኢትዮጵያዊ ጥናት፣ ለወጌሾች የተሰጠ የአንድ ቀን ትምህርት በእነርሱ እሰር ሰበብ የሚደረገውን መቁረጥ በጉልህ መቀነሱን አሳይቷል። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ከባድ አይደለም፦ ከታሰረ በኋላ የጣቶችን ቀለም፣ ሙቀትና ስሜት ማየት፤ ሲያብጥ ማላላት፤ ቁስል ያለውን ስብራት፣ የዳሌን ጉዳትና ትኩሳት ያለውን ሕፃን ሳይነኩ መላክ።

እዚህ ላይ ችላ የማይባል ችግር አለ። ታካሚ የሚልክ ወጌሻ ክፍያውን ያጣል፤ ሆስፒታሉ በንቀት ከተቀበለው ደግሞ ስሙንም ያጣል። ስለዚህ የላከውን ማመስገን፣ ውጤቱን መንገርና በክትትሉ ማሳተፍ የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን የሚቀርበው ጥሪም ከዚህ ይነሳል። በሆሳዕናው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሆነ በዱራሜ፣ በእያንዳንዱ የስብራት ካርድ ላይ ጉዳቱ የደረሰበት ሰዓት፣ በመጀመሪያ ማን እንዳየውና መቼ እንደታሰረ ይመዝገብ። የተቆረጡትን ብቻ የሚቆጥር ጥናት የጉዳቱን ብዛት ይነግረናል፤ የባከኑትን ሰዓታት የሚቆጥር ግን እግሩ ገና በሕይወት ሳለ የት ልንደርስለት እንችል እንደነበር ያሳየናል።